አባባና የእንግሊዙ ገበሬ ግጥም

ሰኞ
ዛሬም «የትም አልሄድም» አሉ አባባ። ጦርነቱ ወደ ከተማችን ወደ ሐይቅ እየቀረበ ነው። ግማሹ ጎረቤት ወደ ደሴ ወጥቷል፤ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ተፈናቃይ ተኝቶበታል። የአባባ የቅኔ ተማሪዎችም ባለፈው ሳምንት ወደየአገራቸው ተበተኑ። ከዚያ ወዲህ አባባ ምግብ አይበሉም፤ ባዶውን የተማሪ ጎጆ ቁጭ ብለው ያያሉ።

ማክሰኞ
ልብስ ስሸክፍ ለሁለተኛ ዲግሪዬ የማጠናውን የእንግሊዝኛ ግጥም መጽሐፍ አባባ አዩና ምንድን ነው አሉኝ። አሥር ዓመት እንግሊዝኛ ሳስተምር ጠይቀውኝ አያውቁም። የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ስለ መስክና ስለ ወንዝ የተጻፈ ነው አልኳቸው። አንዱን ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው፤ ገጣሚው ያደገበት የግጦሽ መሬት ታጥሮበት ያዝናል።
«የገበሬ ልጅ ነው?»
ነው አልኩ።
«ያስታውቃል። ሣሩን በስም ይጠራዋል።»
እራታቸውን ጨረሱ። እግዚአብሔር ይመስገን።

ረቡዕ
ጎረቤታችን እትዬ ሐዋ መጡ። ወንድማቸው ዓርብ ጠዋት በሚኒባስ ወደ ደሴ ይወጣል፤ ሁለት ቦታ ይዘውልናል። «አባትሽን እሺ አሰኚ፤ ከዚያ በኋላ መንገዱን አላህ ነው የሚያውቀው» አሉኝ። አባባን እሺ ማሰኘት አቃተኝ። ጥያቸው አልሄድም። ፈርቻለሁ።
እሳቸው ግን ስለ ሐይቅ የተጻፈ ግጥም ካለ አንብቢልኝ አሉ። ሰምተው፣ ይሄ ሰም ብቻ ነው፣ ወርቁ የታለ አሉ። ሰውዬው ያየውን እንዳየው ነው የሚናገረው ብዬ ተከራከርኩ። ተቆጡ። ሲቆጡ ደህና ናቸው፤ ደስ አለኝ።

ሐሙስ
ጠዋት በአምባሰል በኩል ከባድ መሣሪያ ተሰማ። አባባ ጠሩኝ።
«በልጅነትሽ ቅኔ አስተምሩኝ ብለሽኝ ነበር።»
ለካ ያስታውሳሉ። ሰባት ዓመቴ ነበር፤ የሴት ነገር አይደለም ብለው መለሱኝ። ዛሬ ግን ጉባኤ ቃና አስጀመሩኝ፣ ሁለት ቤት ብቻ ያለውን አጭሩን ቅኔ። ሁለተኛው ተበላሸብኝ። ነገ እናቃናዋለን አሉ።
ነገ ሚኒባሱ ይሄዳል፤ እርስዎ ከቀሩ እኔም እቀራለሁ አልኳቸው።
«እስከ ደሴ ስንት ሰዓት ነው?»
መንገዱ ደህና ከሆነ አንድ ሰዓት ቢሆን ነው አልኩ።
«ለሁለት ቤት ይበቃል።»

ዓርብ
ደሴ ገብተናል፣ አክስቴ ቤት። በመንገድ ሦስት ፍተሻ። ዳገቱን ስንወጣ አባባ ዞረው ሐይቁን አዩና አለቀሱ፤ ከዚያ በፊት ሲያለቅሱ አይቻቸው አላውቅም። «ያ መሬቱ የታጠረበት ሰውዬ እንዲህ ሆኖ ነው የጻፈው» አሉኝ።
ቤታችን ይቆየን አይቆየን እንጃ። አሁን እጄን ይዘው እንቅልፍ ወስዷቸዋል፤ በሌላው እጄ ነው የምጽፈው።