ያልላክሁልሽ የአረም መድኃኒት

ይድረስ እንደ እናት ላሳደግሽኝ፣ ዘወትር ለምናፍቅሽ እህቴ ለወይዘሮ አስቻለች ውበቱ።

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ክረምቱስ እንዴት ይዞሻል? ዝናብ ሲመጣ የሚነሣብሽ የጉልበት ሕመም ዘንድሮስ ማረሽ ወይ? ልጅሽ ብዙዬ እንዴት ናት፣ ቁመቷስ የት ደረሰ? ላሚቱ ደህና ናት? በምዕራብ በኩል የሚያፈሰው ክዳን ተጠገነ ወይስ አሁንም ከሥሩ ገንቦ እየደቀንሽ ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ከናፍቆት በቀር የጎደለኝ የለም። ናፍቆቱ ግን ሐምሌ ሲገባ ይብስብኛል። እዚህ ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ጆሮ ያደነቁራል። በእኛ ቤት ክዳን ላይ እንዴት ዝም ብሎ ይወርድ እንደነበር አስብና ሥራዬን እረሳለሁ።

አደራሽን ነጋዴውን ይማምን እንዳትቀየሚው። ይህን ደብዳቤ፣ ሁለት ሳሙናና ለብዙዬ የሚሆን ቀሚስ ይዞልሻል። ላክልኝ ያልሽኝን የአረም መድኃኒት ግን አልያዘም። ሰጥቼው ነበር፤ መልሼ የተቀበልሁትም እኔው ነኝ። እንደምታዝኚ አውቃለሁ፤ ስለዚህ አንድም ሳልደብቅ እነግርሻለሁ።

ዘማቹ ተማሪ የጻፈልሽ ደብዳቤ የደረሰኝ በሰኔ ማለቂያ ነው። ለፋሲካ ስጽፍልሽ፣ ሣሩን ሳይነካ አረሙን ብቻ እየመረጠ የሚገድል መድኃኒት እንደምረጭ ጉራዬን ነዝቼብሽ ነበር። አንቺም ያን ይዘሽ ላክልኝ አልሽ። የባለመሬቱ የነበረው የላይኛው እርሻ ለአንቺ ተደልድሎ፣ ጤፉን ከሱፍ ጋር ቀላቅለሽ፣ ከግርጌው ባቄላውን ዘርተሽ፣ የሚያርምልሽ ሰው ግን ጠፋ። ባለቤትሽ ፈንታሁን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በስድሳ አምስቱ ረሃብ ሄደ። ወንፈል አብረውን ይገቡ ከነበሩት ግማሾቹ የሉም፤ ጎረቤታችን ኑርጃንም የራሷ እርሻ አለባት። ለማንም ሲሶ የማልሰፍርለትን የመጀመሪያ አዝመራዬን አረም ሊበላብኝ ነው አልሽ። ይህን ሳነብ እጄን የማደርግበት አጣሁ። አንቺ የሚያርምልሽ አጥተሽ፣ የገዛ ወንድምሽ እዚህ የሰው ሣር ያርማል።

ስለ ሥራዬ በደንብ ነግሬሽ አላውቅም። ያለሁበት የፈረንጅ ግቢ የላይኛውን እርሻ ያህላል፤ ከዳር እስከ ዳር ሣር ነው። ከብት አይገባበትም፣ ለድርቆሽም አይታጨድም። ይጠጣል፣ ይከረከማል፣ ከዚያ ሰው ወንበር አውጥቶ ያየዋል። ይህም ሥራ ተብሎ ደመወዝ ይከፈልበታል። አለቃዬ ጋሽ ንጉሡ የሚባሉ የመንዝ ሰው ናቸው፤ አትክልት ሲጠብቁ ሃያ ዓመት ሆኗቸዋል። ቁጡ ናቸው፤ በመጀመሪያው ወር አንድ ቀን እንኳ ሳይቆጡኝ አልዋሉም።

ከሣሩ መሐል ማገጥና አሉማ ይበቅላል፣ ማዳም ደግሞ ይህን አትወድም። መድኃኒቱ ቅጠለ ሰፊውን ያጠወልገዋል፣ ሣሩን ይተወዋል። መጀመሪያ አሉማ ላይ ርጭ ስባል እጄ እምቢ አለኝ። በዚያ ክፉ ዓመት ከጓሮ እየለቀምሽ ያለ ጨው የቀቀልሽልን እሱን ነው፤ እናታችን በመጨረሻ የቀመሰችውም እሱን ነው። ለጋሽ ንጉሡ ይህን ስነግራቸው አልተቆጡም። መርጫውን ከእጄ ተቀበሉና ያን ጥግ ራሳቸው ረጩት።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ከቤት ስወጣ በጋቢዬ ጫፍ የቋጠርሽልኝን ባቄላ ታስታውሻለሽ? ለዘር ከቀበርሽው ላይ ቀንሰሽ፣ በመንገድ ቆልተህ ብላው ብለሽ ነበር የሰጠሽኝ። ደሴ ስደርስ እፍኝ የማይሞላ ቀርቶኝ ነበር። ራበኝ፣ ግን መብላት አቃተኝ። ያን ባቄላ ይኸው በየዓመቱ ከሠራተኞች ቤት ጀርባ እዘራዋለሁ። ዘንድሮ ማዳም ቦታ ጨመረችልኝና ደስ ብሎኝ ያጠራቀምሁትን ዘር በሙሉ ዘራሁት፤ አንዲት ፍሬ አላስቀረሁም። ጠዋት ስነሣ ከሁሉ በፊት የማየው እሱን ነበር። አበባ ያወጣ ዕለት አጠገቡ ቁጭ ብዬ ቁርሴን በላሁ፤ ሽታው የእኛው የታችኛው እርሻ ሽታ ነው።

ይማም ባለፈው ሐሙስ እነሣለሁ ብሎኝ ነበር። ማዳምም የተረፈውን መድኃኒት እንድወስድ ፈቀደችልኝ፣ ግን መጀመሪያ የግቢው ሣር ይረጭ አለች። ረቡዕ ጠዋት ዘነበ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሣ። ጋሽ ንጉሡ ቀብር ሄደው አልነበሩም። በነፋስ መርጫ እንዳልነካ ስንት ጊዜ ነግረውኛል። እኔ ግን ይማም እንዳያመልጠኝ ቸኮልሁና ረጨሁ። እንደ ጨረስሁ የተረፈውን መድኃኒት ከቆርቆሮው ወደ ባዶ የዘይት ጠርሙስ ገለበጥሁ፣ አንገቱ ላይ ቀይ ክር አሰርሁበት፣ ወደ መርካቶ ሮጬ ለይማም ሰጠሁት። ስመለስ በደስታ እግሬ መሬት አልነካም።

ጋሽ ንጉሡ ከቀብር ሲመለሱ መድኃኒቱን በምን እንደላክሁት ጠየቁኝ። በዘይት ጠርሙስ ስላቸው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። እህትህ ፊደል ትለያለች ወይ አሉኝ። አትለይም አልሁ። ጠርሙሱ ላይ ምን ጻፍህበት አሉኝ። ምንም፣ ቀይ ክር ብቻ አልኋቸው። ከአዲስ አበባ ዘይት መጣልኝ ብላ ጎረቤት ጠርታ ወጥ ብትሠራበትስ አሉኝ። ይማም ይነግራታል ብዬ ተከራከርሁ። ይማም መንገድ ላይ ቢታመምና ለሌላ ሰው ቢያቀብለውስ አሉ። እኔ በልቤ ምን ዓይነት ፈሪ ሽማግሌ ነው እያልሁ ገብቼ ተኛሁ። ይህንንም አልደብቅሽም።

በማግሥቱ እንደ ልማዴ ወደ ባቄላዬ ሄድሁ። ቅጠሉ ተጠቅልሏል፤ አናቱ እንደ በግ ቀንድ ተጠማዟል፤ አበባው አንገቱን ደፍቷል። ስረጭ አጠገቡ እንኳ አልደረስሁም፤ መድኃኒቱን ሠላሳ እርምጃ አሻግሮ ያደረሰው ነፋሱ ነው። ሣሩ ግን ምንም አልሆነም። መድኃኒቱስ ምን አጠፋ፣ ለእሱ አሉማና ባቄላ አንድ ናቸው። ቆሜ የእኔን ሳይሆን የአንቺን እርሻ ነበር የማየው። ጤፉ መሐል ያለው ሱፍ፣ ከግርጌው ያለው ባቄላ፣ ሁሉም ቀንዱን ጠምዝዞ ታየኝ። ከዚያ ጠርሙሱ ትዝ አለኝ፣ ብዙዬም ትዝ አለችኝ።

እስከ መርካቶ እንዴት እንደደረስሁ አላውቅም። መንገድ በጎርፍ ተቆርጧል ተብሎ መኪናው አልተነሣም ነበር። ይማም ስኳርና ጨው ካለበት ጆንያ ውስጥ ጠርሙሱን ሲያወጣው ሳይ አለቀስሁ፤ በሰው ፊት ነው። ወላሂ ዘይት መስሎኝ ነው እዚህ የከተትሁት፣ ቀይ ክሩንም የእሷ ለመሆኑ ምልክት ያደረግኸው መስሎኝ ነበር አለኝ። በችኮላዬ ለእሱም በደንብ አልነገርሁትም ማለት ነው። አብሽር፣ አሏህ ቀድሞ አሳየህ ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ይዤው ስመለስ ጋሽ ንጉሡ መድኃኒቱን ወደ ገዛ ቆርቆሮው መልሰው ቆለፉበት፣ ጠርሙሱን ሰብረው ከጉድጓዱ ውኃ አርቀው ቀበሩት። ወንዝ ልጣለው ብላቸው ከታች ሰው ይታጠባል አሉኝ። በዚያን ቀን አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ይህን የምታነብላት ወንድሜ ዘማች፣ እባክህ እዚህ ላይ ቀስ ብለህ ሁለት ጊዜ አንብብላት። የግብርና ሰዎች ወይም እናንተው አንድ ቀን ይህን መድኃኒት ወደዚያ ታመጡት ይሆናል፤ ለንጹሕ ጤፍና ለስንዴ በልክ ከተረጨ ይጠቅማል ይላሉ ጋሽ ንጉሡ። እታለም፣ ያን ጊዜ ሱፍ፣ አተር፣ ባቄላ ካለበት እርሻ፣ አጠገቡም ቢሆን እንዳታስደርሺው። ነፋስ በሌለበት ማለዳ ነው የሚረጨው፤ ዝናብ ከመጣም ይታጠብና ወደማይፈልጉት ይወርዳል። ልኩ ቆርቆሮው ላይ ተጽፏል፤ ሲጨምሩት የሚበረታ መስሏቸው ስንቱን አቃጥለዋል። የሚረጨው ሰው እጀ ረጅም ልብስና ጫማ ያድርግ፣ አፍንጫውን ይሸፍን፣ በረጨው ላይ እንዳይረግጥ ወደ ኋላ እየሄደ ይርጭ፣ እጁን ሳይታጠብ እህል አይቅመስ። ልብሱም ለብቻው ይታጠባል። እኔ መጀመሪያ ሰሞን የመርጫው አፍ ሲደፈንብኝ በአፌ እፍ ልለው ስል ጋሽ ንጉሡ በጥፊ ነው ያስጣሉኝ፤ ዛሬ እየሳቅሁ ነው የማስታውሰው። ለመድኃኒቱ የተያዘ መርጫ ለሌላ ሥራ አይሆንም። የተረጨው ቦታ እስኪደርቅ ልጅም ዶሮም አይለፍበት፣ ሣሩም ለላሚቱ አይታጨድላት። ከገዛ ዕቃው ወደ ጠርሙስ፣ ወደ ቅል፣ ወደ ምንም አይገለበጥም። ይህን የመጨረሻውን ሦስት ጊዜ አንብብላት።

እውነቱን ከተናገርሁ አይቀር ሌላም ልጨምርልሽ። ያን ጠርሙስ ይዤ ስሮጥ የሮጥሁት ለእርሻሽ ብዬ ብቻ አልነበረም። በእኔ ፋንታ እሱ እንዲሄድልኝ ብዬ ነው። እናታችን ተኝታ ትቻት ወጣሁ፤ ደሴ ሳለሁ መሞቷን ሰማሁ፤ አልተመለስሁም። እየራበኝ ነው ብዬ፣ ሥራ ልያዝ ብዬ፣ ኋላም ሥራዬን እንዳላጣ ብዬ ይኸው ሦስተኛው ክረምት ገባ። ያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። ወደ ቤት ስገባ የእሷን መደብ ባዶውን ማየት ነው ያስፈራኝ። አንቺ በየቀኑ እያየሽው ትኖሪያለሽ፤ አንድም ቀን ለምን አልመጣህም ብለሽ አልጻፍሽልኝም። ብትጽፊልኝ ኖሮ ምናልባት ቶሎ እመጣ ነበር። ጥፋቱን ወደ አንቺ ማዞሬ አይደለም፤ ናፍቆት ሰውን እንዲህ ያስለፈልፋል።

ለማዳም ፈቃድ ጠይቄያለሁ። መንግሥት ከተለወጠ ወዲህ የሚሸኝ እንጂ የሚመጣ ፈረንጅ አላይም፤ እነሱም ሊሄዱ ነው ይባላል፤ ስመለስ ሥራው ይኑር አይኑር አላውቅም። ጋሽ ንጉሡን ስነግራቸው ሂድ፣ ሣሩን እኔ አየዋለሁ አሉኝ። በቦታዬ ሰው እስኪገባ አንድ ሳምንት ልቆይና እነሣለሁ። እግዚአብሔር ካለ ፍልሰታ ሳትጋመስ ካንቺ ዘንድ ነኝ። እስከዚያ ባቄላውን ብቻ እንደ ጉልበትሽ አርሚ። ጤፉን ለእኔ ተዪልኝ፤ ከሱፉ ሥር እየለየሁ በእጄ አርመዋለሁ። ጓሮ ያለውን አሉማ ግን እንዳትነቅዪው፤ ጾሙን በእሱ ነው የምንጾመው።

ብዙዬን አገላብጠሽ ሳሚልኝ፤ ቀሚሱ ቢሰፋት ታድግበታለች በያት። አክስታችንን አልታዬን እግራቸውን ስሜያለሁ፤ ለዓይናቸው የሚሆን ጠብታ ራሴ ይዤ እመጣለሁ። ለኑርጃን ሰላምታዬ ይድረሳት፤ በክፉ ቀን ወተት ያካፈለችንን አልረሳሁም። ላነበበልሽም ዘማች ምስጋናዬ ይድረሰው። ወደ እናታችን መቃብር ስትሄጂ ስለ እኔ ምንም አትንገሪያት፤ የምላትን ራሴ መጥቼ እላታለሁ።

እታለም፣ እዚህ የነበረው ባቄላ አልቋል። ያ ዘር ዛሬ ያለው ከአንቺ እርሻ ላይ ብቻ ነው። መድኃኒቱ ይመጣበታል ብለሽ ስታዪው በከረምሽው መንገድ ላይ አሁን እኔን ጠብቂኝ።

ወንድምሽ አምባቸው ውበቱ
አዲስ አበባ
ሐምሌ 14 ቀን 1967 ዓ.ም.