የእሁድ ድኩላዎች

እሁድ፣ ጥቅምት 10

ዛሬም አልታዩም። ከአዘዞ፣ ከፀዳ፣ ከማራኪ ሳይቀር ቤተሰቡን ይዞ የመጣ ሰው ሁሉ ጦጣና ቆቅ አይቶ ተመለሰ። አንዱ የአስተያየት መዝገቡ ላይ «ድኩላ የለም፤ ውሸት ነው» ብሎ ጻፈ። ውሸት? ሁለት ናቸው፤ አንድ ወንድ፣ አንድ ሴት። ያለ አጥር፣ ወይራው ሥር እንደ ልባቸው የሚኖሩ። በአዘቦት ቀን፣ ጎብኚ በሌለበት፣ ሁልጊዜ አያቸዋለሁ። በዚህ የእንስሳት ማቆያ ውስጥ ከእኔ ዓይን የሚያመልጥ ነገር የለም። ጉራ አይደለም፤ እውነት ነው።

ጥፋቱ የሰዉ ጫጫታ ነው። ሁለት ወር ሙሉ «ዝም በሉ» ስል ጉሮሮዬ ደረቀ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ሥራ አስኪያጃችን አብዮት ጠራኝ። «ባንቺአየሁ፣ ሰው የሚመጣው ለማየት ነው። መጪው እሁድም ካልታዩ በማግስቱ ሽቦ አጥር ውስጥ እናስገባቸዋለን።»

«አምና ያስገባናት ሚዳቋስ?»

ወደ ወረቀቱ ዞረ። ሽቦው ላይ እየተወረወረች አንገቷን ሰብራ ነው የሞተችው። የቀበርኳት እኔ ነኝ። ደግሜ አልቀብርም... አበቃ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ሚካኤል ነው። ከቅዳሴ በቀጥታ ወደ ሥራ ሄድኩ። ወደ ወይራው ስጠጋ ድኩላዎቹ ገና ከሩቅ አይተውኝ እልም አሉ! ጎብኚ የለም። ጫጫታ የለም። ያለሁት እኔ ብቻ። ታዲያ ከማን ሸሹ?

ቢሮ ገባሁ። ነጠላዬን አስቀምጬ የሥራ ካኪዬን ለበስኩ። ተመልሼ ቁጭ አልኩ። ትንሽ ቆይተው ወጡ፤ ሃያ እርምጃ ላይ ቅጠል ይቀነጥሳሉ።

ነጠላው! እሁድ ሰዉ ሁሉ የሚመጣው ከቤተ ክርስቲያን ነው፤ ነጭ በነጭ ሆኖ። ነፋስ ሲያርገበግበው ደግሞ... እኔው ራሴ ነጠላዬን አጣፍቼ ከፊት እየመራሁ ሰዉን ስቆጣ ከረምኩ። አፈርኩ። ግን አገኘሁት።

እሁድ፣ ጥቅምት 17

ካኪዬን ለብሼ በር ላይ ቆምኩ። «ነጠላና ጋቢ እዚህ ይቀመጥልኝ።» ወጣቶቹ እሺ አሉ። አብዮትም ጋቢውን እያጉረመረመ አስረከበ። ከልጃቸው ጋር የመጡ አንዲት ባልቴት፣ እማማ የትነበርሽ፣ ግን ነጠላቸውን ጭብጥ አድርገው ያዙ።

«ምነው ልጄ? አስቀድሼ መጥቼ፣ በሰው ፊት ራሴን ልገልጥ? አላደርገውም!»

እውነታቸውን ነው። ምን ላድርግ? የዘበኛችንን የአያ አንዱዓለምን ባለ ቆብ የዝናብ ካፖርት አምጥቼ ከነጠላቸው ላይ ደረብኩላቸው። ሳቁ። «ዘበኛ አደረግሽኝ በይ!»

ተቀመጥን። አስር ደቂቃ... ሃያ... አብዮት ሰዓቱን አየ። ባይወጡስ? ነገ ሽቦ...

ወንዱ ብቅ አለ። ሴቷ ተከተለችው። ሰዉ ትንፋሹን ዋጠ። «ይኸውላችሁ፣ ሁለቱም» አልኩ በሹክሹክታ፣ ኮራ ብዬ።

እማማ የትነበርሽ ክንዴን ቆነጠጡኝ። «ምነው ሁለት ትያለሽ? ሦስት ናቸው እንጂ። ያውልሽ፣ ከቁጥቋጦው ሥር።»

አየሁ። ድንጋይ ነው እንዳልል ጆሮው ተንቀሳቀሰ። ግልገል! ስንት ቀን በአጠገቡ አልፌ ይሆን? እንባዬ መጣ። አብዮት አፉን በእጁ ይዞ ቀርቷል።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ሽቦው ቀረ። አብዮት ለጎብኚዎች የሚሆን ካኪ መደረቢያ ሊያሰፋ ነው፤ ለእናቶቹ ባለ ቆብ።

ጠዋት ጠርቶኝ፣ «እስቲ አንቺ ታውቂያለሽ፤ በዚህ ግቢ ውስጥ ሌላስ ያላየነው ምን አለ?» አለኝ።

«አላውቅም» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ሦስት ዓመት አብረን ስንሠራ ይህን ቃል ከአፌ ሰምቶት አያውቅም።

«አሞሻል እንዴ?» አለኝ።