በጀርባው ያንጋለልኩት ሰው

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ዛሬም ቆሜ ዋልኩ። ተከራይዬ ትርንጎ የነርስነት ተማሪ ናት፤ የረቡዕ ፈተናዋን በእኔ ገላ ነው የምታጠናው። ፊት ወደ ፊት፣ ክንድ ወደ ታች፣ መዳፍ ወደ ፊት ተገልጦ። «ሰውዬው ተኝቶም ቢሆን፣ ስንናገር እንዲህ እንደቆመ ቆጥረን ነው» አለችኝ።

ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለቀምኩት ከሟቹ ባሌ ከደሴ ዳዊት ላይ ነው። ቃል ካገኘሁ አልለቅም፤ ጻፍኩ።

ፕሮክሲማል፦ ወደ ግንደ አካል የቀረበ።
ዲስታል፦ የራቀ።
ሳጂታል፦ ገላን ግራና ቀኝ የሚለይ።

የመጨረሻውን በድንች ሰንጥቃ አሳየችኝ። ሌላውን ድንች ደግሞ በወገቡ ቆረጠችው።

«ራታችንን ጨረስሽው» አልኳት።

«ምን ቸገረዎት እትዬ፣ ተከትፎልዎታል።»

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ሱፓይን፦ በጀርባ፣ ፊት ወደ ሰማይ። ፕሮን፦ በደረት። ላተራል፦ በጎን።

«ራሱን የሳተ ሰው በጎኑ ነው የሚተኛው» አለች ጸጉሯን እያበጠረች። «በጀርባው ካስተኙትና ካስመለሰው ትውከቱ ትንፋሹን ይዘጋዋል።»

እርሳሱን አስቀመጥኩ።

ደሴ ከበቅሎ ወድቆ ከመንደራችን ወደ ዳባት በቃሬዛ ስናወርደው አሥራ አንድ ዓመት ሆነ። ወንዙ ላይ ወንድሙን አለባቸውን አዳለጠው፤ ቃሬዛው አጋደለ። ተሻግረን ተሸካሚዎቹ መሬት አሳረፉት። ደሴ በጎኑ ተኝቶ ያቃስት ነበር። ያበቃለት መሰለኝ። ሬሳ እንደሚገነዝ ሰው በጀርባው አንጋለልኩት፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ መለስኩ፣ ክንዱን ዘረጋሁ። አስመለሰው። ጉሮሮው ሲንኮራኮር ሰማሁ። ደረቱን ይዤ ጸሎት ደገምኩ። ከዚያ ዝም አለ።

አለባቸው «እኔ ገደልኩት» አለ። ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ ከቃሬዛ ሥር ትከሻውን አግብቶ አያውቅም። የእናቱን እንኳ ከኋላ ነው የተከተለው። የመንደሩ ሰው «ትከሻው ለጋቢ ነው» እያለ ያማዋል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ትርንጎ ተፈትና መጣች፤ አንድ ጥያቄ ብቻ ስታለች። የደሴን ነገር የሌላ ሰው አስመስዬ ጠየቅኳት።

«ጭንቅላቱ ተመትቶ ከነበር ለማንኛውም ሊሞት ይችል ነበር። ማንም አያውቅም እትዬ።»

ትንሽ ቀለለኝ። ከዚያ አፈርኩ። ለአለባቸውስ ይህን ማን ነገረው?

ነገ ለሚካኤል ወደዚህ ወደ ደባርቅ ይመጣል። ልነግረው ነው። ከባሌ ወገን እሱ ብቻ ነው የቀረኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ነገርኩት። በሩን እያየ ሰማኝ።

«ሲንኮራኮር ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

«እኔ የት ነበርሁ?»

«ወንዙ ዳር ተቀምጠህ ታለቅስ ነበር።»

መደቡ ላይ በጎኑ ተኛ። «እንዳዞርሽው አዙሪኝ» አለ። እምቢ አልኩ። «እታለም፣ አዙሪኝ።» ትከሻውንና ዳሌውን ይዤ አንጋለልኩት። መልኩ የወንድሙ ነው። አገጩ ወደ ላይ ቀና። ጣሪያውን እያየ ጠየቀኝ።

«ብቻሽን ቻልሽው?»

«ብቻዬን።»

ተነሣ። ጋቢውን አራገፈ። ያቀረብኩለትን አልቀመሰም።

«የሚያሙኝም ይስሙት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከመንደራችን ደጀ ሰላም መጥተሽ ንገሪያቸው» አለኝ።

«እመጣለሁ» አልኩት።

ይቅር ብሎኝ እንደሆነ አልጠየቅሁም። መኪና ተራ ድረስ ሸኘሁት፤ ከፊት ከፊቴ ሄደ፣ አልዞረም። መኪናው ሲነሣ ግን በመስኮቱ «በጧት ነይ፣ ብርድ ነው፣ ደርበሽ» አለኝ።