ጓድ መላኩ የመረጠው የልብ መቁጠሪያ

መጋቢት 12 ቀን 1979

ዛሬ የቀበሌው የስፖርት ኃላፊ ጓድ መላኩ ለሯጮቹና ለብስክሌት ነጂዎቹ የልብ ምት መቁጠሪያ መረጠ። ሁለት ዓይነት ቀርቦለት ነበር፤ አንዱ ጣት ላይ የሚሰካ፣ ሌላው ደረት ላይ በቀበቶ የሚታሰር። የደረቱን ወደደ። ቀበቶና ዘለበት ያለው ነገር ሁሉ ሥልጣን ይመስለዋል።

ለሙከራ ልጄ አልማዝ ላይ አሰረው። መሣሪያው ዝም አለ።

«ማተቧ ነው የሚያውከው። ትፍታው፤ አለዚያ የአዘዞውን ሩጫ ትርሳው» አለ።

ክር ማሽን ሲያውክ የሰማ አለ? አልማዝ ግን ፈትታ በእጄ አስጨበጠችኝ። መሣሪያው አሁንም ዝም። ተናዶ በራሱ ደረት አሰረው፤ ያው ዝም።

ዘበኛው አያ ታደሰ፣ «ምነው ጓድ፣ የአንተንም ልብ አጣው?» ሲለው ሰዉ በሳቅ ፍርስ አለ። እሱ ግን «ሸጋ ዕቃ ነው፤ ይኸው ይሁን» ብሎ ፈረመ። ደንቆሮ።

እቤት ስንገባ ማተቧን መልሼ ላስርላት ወደ አንገቷ እጄን ስዘረጋ፣ ፈቀቅ አለች።

«ከሩጫው በኋላ፣ እማዬ።»

ክሩ መቀነቴ ውስጥ ነው። መላኩንስ ንቄ ተውኩት። እሷን ግን...