ስለታጠበችው መኪናህ

ያ አባ ሌንሳ፣

የሌንሳ አባት ሆይ፣ «ለጤናህ እንደምን አለህ» ብዬ ጽፌ ሰረዝኩት። በትምህርት ቤት የተማርኩት የደብዳቤ አጀማመር እሱ ብቻ ስለሆነ እጄ ከልቤ ቀደመ። ግንቦት ላይ ከሸኘንህ ወዲህ ክረምቱ ገብቶ ወጥቷል፣ የበቆሎው እሸት አልፏል፣ አሁን ህዳር ነው። በአማርኛ የጻፍኩልህም ወድጄ አይደለም። በቁቤ፣ በኦሮምኛችን ፊደል ብጽፍልህ እንደ ልማድህ ሌንሳን ጠርተህ «አንብቢልኝ» ትላለህ፤ ሚስት ለባሏ የጻፈችውን ደግሞ ልጅ አታነበውም።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። ሌንሳ መጀመሪያ ላይ በሌላ ከተማ የምትማረውን ትምህርት ልተወው ብላ ነበር። ተቆጥቼም ለምኜም መለስኳት፤ አሁን ደህና ይዛዋለች። በመስኮቱ በኩል ይገባ የነበረውን ዝናብ ባንተ የመኪና መድፈኛ ስቱኮ ደፈንኩት። አያምርም፣ ግን አያስገባም። ጋራዥ ውስጥ ያንተን ቦታ የያዘው ሰው ቀለም ሲነፋ ይወርድበታል እያሉ ደንበኞችህ ነቀምቴ ጨለለቂ ሰፈር ያለው ስፌት ቤቴ ድረስ መጥተው ያሙልኛል። «ይለምዳል» ማለት ሲገባኝ እስኪጨርሱ እሰማለሁ። ደስ ስለሚለኝ ነው፣ ምን እዋሽሃለሁ።

ዋናው ወሬ ግን የእናትህ ነው። በመጨረሻው ቀን እጄን ይዘህ «እናቴን አደራ» ስትለኝ ቀላል አደራ መስሎኝ ነበር። ከኡኬ ወዲያ ካለው የሰፈራ መንደር ልታስታምምህ መጥታ እዚሁ ቀርታለች፣ ቤቱም ይበቃናል፣ ምን ያስቸግራል አልኩ። አርባህ ባለፈ ማግስት ጓዟን በነጠላ ቋጥራ በሩ አጠገብ አስቀመጠች። ወሎ እሄዳለሁ አለች። ከወንድሟ ልጆች አንዱ በስልክ፣ መንገዱ ደህና ሲሆን መጥቼ እወስድሻለሁ ብሏታል። ልጁን በዓይኗ አይታው አታውቅም። ምን አጠፋሁ ብዬ ብጠይቃት፣ ያጠፋሽው የለም፣ ግን ልጄ ከሌለ በዚህ አገር እኔ የማን ነኝ አለችኝ። ዘመኑ ሰው ሁሉ «ከየት ነህ» የሚባባልበት ዘመን ሆኗልና ፈርታለች ብዬም አሰብኩ። አደራህ ያን ዕለት ከበደኝ።

የመኪናህም ጉዳይ የመጣው በዚያው ቀን ነው።

ያችን ኦራል የተባለች የወታደር ጭነት መኪና በትንሹ ስትሠራ ምን ያህል እንደሳቅኩብህ ታስታውሳለህ። ቀኑን ሙሉ የሰው መኪና ስታስውብ፣ ጭረት ስትደፍን፣ በብርጭቆ ወረቀት ስትፈገፍግ ትውልና ቤት ስትገባ ክንድ የማትሞላ መኪና ለማቆሸሽ ትቀመጣለህ። ቀን የሚያጸዳ፣ ማታ የሚያቆሽሽ ባል አገባሁ እያልኩ ለሰው አወራብህ ነበር። ገላዋን ከዘይት ቆርቆሮ ቆርጠህ፣ ጎማዋን ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ጠርበህ፣ ሸራዋን ከኔ ቁርጥራጭ ጨርቅ ሰርቀህ ሠራሃት። መጀመሪያ የዝገት መከላከያውን አንቲረስት፣ በላዩ የዝገት ቀለም ቀባሃት። ከዚያ ጨው አርጥበህ እዚህም እዚያም ስትለጥፍባት፣ ይህ ሰው ወጥ ሊሠራ ነው ወይ አልኩ። የወታደሩን አረንጓዴ በላዩ ነፍተህ፣ ሲደርቅ ጨዉን በጣትህ ስታሸው ቀለሙ አብሮ ተላጠና ከሥሩ ዝገቱ ብቅ አለ። ያኔ አፌን ያዝኩ። ሥራውን «ማስረጀት» ትለው ነበር። በቲነር የቀጠነ ጥቁር ቀለም በየስንጥቁ ታፈሳለህ፣ ከዚያ አቧራ ታለብሳታለህ፤ ከሥር ነጣ ያለውን፣ ከላይ የኛን ቀይ አፈር። ቬርኒሽ ከተነፋበት አቧራው አቧራ መምሰሉን ይተዋል ብለህ እንዲሁ ተውካት።

በድርቁ ዘመን አንተንና እናትህን ከወሎ ጭና ያመጣች የወታደር መኪና ናት። ገና የወተት ጥርስህ ያልተነቀለ ልጅ ሆነህ ያየሃትን፣ ጎልማሳ ሆነህ ከትዝታህ አውጥተህ ሠራሃት። እናትህ ቁምሳጥኑ ላይ ያየቻት ልታስታምምህ ስትመጣ ነው። አይታት ፊቷን አዞረች፤ እኔም ልብ አላልኩም።

እንግዲህ ጓዟን በቋጠረችበት ቀን ከስፌት ቤት ስመለስ ጓሮ ተቀምጣ አገኘኋት። ከፊቷ የልብስ ማጠቢያው ሳፋ፣ ሳፋው ውስጥ መኪናህ። በኦሞና በጥርስ ብሩሽ አሽታ አሽታ ጨርሳለች። ውሃው ቀልቷል። የተላጠው ቀለም ቀርቷል እንጂ በመኪናዋ ላይ አንድ ፍሬ አቧራ የለም። ያ አባ ሌንሳ፣ በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። ጣትህ የነካው አፈር በቦይ ሲወርድ እያየሁ ነው። አፌን ብከፍት ምን እንደሚወጣ ስለማውቅ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ከዚያ በኋላ በአንድ ጣሪያ ሥር «እንዴት አደርሽ» እና «እንዴት አመሸሽ» ብቻ እየተባባልን ከረምን። ያ የወንድሟ ልጅ ቶሎ መጥቶ በወሰዳት ያልኩበትም ቀን ነበር። ክረምቱን ሙሉ ዘነበ፣ መንገዱም ክፉ ሆነ፣ ሰውየው ቀረ።

የታጠበችውን መኪና ማየት ሲሰለቸኝ ራሴ ላስረጃት ተነሳሁ። የቀለም ጣሳዎችህን ከአልጋው ሥር አወጣሁ። በሚኒባስ ኡኬ ሄጄ ከመንገዱ ዳር ቀይ አፈር ስቆፍር አንዲት ሴት ቆማ አየችኝና «ማሊፍ?» አለችኝ፣ ለምንድን ነው ብላ። ለመኪና ነው ስላት ሌላ አልጠየቀችም፤ ያበድኩ መስሏት መሆን አለበት። አፈሩን በአሮጌ ስቶኪንግ ነፍቼ፣ በቲነር በጥብጬ፣ ከላይ እስከ ታች ቀባኋት። ሲደርቅ ሽሮ ውስጥ ወድቃ የወጣች መሰለች። እናትህ በበሩ ስታልፍ ድንገት አየቻትና ሳቀች። ካንተ ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው። ልቆጣ ፈልጌ ነበር፣ ሳቅ ቀደመኝ።

አቧራ እንዲህ አይቀመጥም አለችኝ ዱካውን ስባ እየተቀመጠች።

ከዚያ በኋላ ደንበኛ በሚያንስበት ሰዓት ሁለታችንም ከመኪናዋ ጋር ነን። የቀባሁትን በጨርቅ ጠርጌ እንደገና ጀመርን። እኔም ከሙያዬ የማውቀው ነገር እንዳለ ቀስ እያለ ገባኝ። ልብስ እኩል አያልቅም። የሹፌር ሱሪ መቀመጫው፣ የአስተማሪ ኮት ክርኑ፣ ጸሎት የምታበዛ ሴት ቀሚስ ጉልበቱ ይሳሳል። አንተስ ከመጋባታችን በፊት ያችን ቱታህን እያመላለስክ ስታስጠግን፣ ሥራ የቀደደው ጨርቅና ሰው ሆን ብሎ በመቀስ የቀደደው ጨርቅ የማይለዩኝ መስሎህ ነበር። አውቄብህ ነው ዝም ብዬ የጠገንኩልህ፤ ብነግርህ መምጣትህን ትተዋለህ ብዬ ፈርቼ። እንግዲህ መኪናም እንደ ልብስ ሰው በነካው በኩል ያረጃል አልኩና፣ እናትህን የሰው እጅ የት የት ላይ ነበር ብዬ ጠየቅኋት።

እንዲህ ብዬ ባልጠይቃት ኖሮ አትነግረኝም ነበር። ለካ አንተም ጠይቀሃት አታውቅም። ሰው ሁሉ የጎኑን ብረት ጨብጦ ነው የመጣው አለችኝ፤ ከመጨበጥ ብዛት ቀለሙ ለቆ ብረቱ ያብረቀርቅ ነበር። እዚያ ላይ የእርሳስ ዱቄት በጣቴ አሸሁበት፣ ልክ ብረት መሰለ። ነጩ የወሎ አቧራ የተቀመጠው በሸራው እጥፋት ውስጥ ነው ብላ አሳየችኝ። ወለጋ መግቢያ ላይ ዝናብ አገኘን፣ ስለዚህ ከሸራው ጫፍ ወደታች የሚወርድ ቀጭን ቀጭን መስመር ይኑረው አለች። አንተ ጭቃውን እስከ በሩ መስኮት አድርሰኸው ነበር። እሷ ግን ከጎማው ብዙም ከፍ አላለም፣ ልጅ ስለነበረ ነው ጭቃው ያን ያህል ከፍ ያለ የመሰለው ብላ ጭቃህን አወረደችው። ይህን ስትል በጣም ናፈቅከኝ። ልጅ ሆነህ አይቼህ አላውቅምና፣ ያን ጊዜ ያየሁህ መሰለኝ።

የኋላውን መዝጊያ ልቀባ ብሩሼን ሳነሳ እጄን ያዘችኝ። እዚህ ላይ ሰው የወረደበት ነው፣ አቧራ አይኖረውም አለች። ከዚያ የወረዱበትን ቀን ነገረችኝ። መኪናዋ የቆመችው ገና ሲነጋ ነው። የአካባቢው ሴቶች የተቀቀለ በቆሎና ሙቅ ውሃ ይዘው ወጥተው ጠበቋቸው። እናትህ መውረድ አቅቷት ከነአንተ መዝጊያው ላይ ተደግፋ ቀረች። አንዲት ሴት፣ ቋንቋዋን የማታውቅላት፣ ሁለት እጇን ዘርግታ አንተን ተቀበለቻት። ከምግቡ በፊት ጨርቅ በሙቁ ውሃ ነክራ ፊትህንና እግርህን አጠበችህ። እናትህ ይህን ተናግራ ስታበቃ ወደ መኪናዋ እያየች እንዲህ አለች፦

«ልጄዋ፣ ያን አቧራ ከልጄ ላይ ያጠበችው የናንተ ሰው ናት። እኔ ጉልበት አልነበረኝም። ኋላ ደግሞ እሱ ራሱ መልሶ ቀብቶት ሳገኘው ሆዴ ባባ። እሱ ሲሄድ፣ አሁንስ ማጠቡ የኔ ተራ ነው ብዬ ነው።»

ያ ሁሉ የክረምት ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም። አቅፌያት አለቀስኩ፣ እሷም አለቀሰች፤ የበጠበጥነው አፈር ነጠላዋ ላይ ተደፋ፣ ማናችንም አላነሳነውም። ያ አባ ሌንሳ፣ በቀብርህ ቀን ያላለቀስኩትን ያን ዕለት አለቀስኩት። ቀለል አለኝ።

መኪናዋ አልቃ ቁምሳጥኑ ላይ ተመልሳለች። ያንተን ሥራ አታክልም። የዝናቡ መስመር አንዱ ጎን ላይ ወፍሮብኛል፣ የግራ መብራቷንም ሳላውቅ ቀለም አስነክቻታለሁ። ሌንሳ ለዕረፍት መጥታ ስታያት አባዬ ነው የሠራት ብላ ተከራከረችኝ፤ አላረምኳትም።

ጓዙ ግን ይህን ሁሉ ጊዜ በሩ አጠገብ እንደተቋጠረ ነበር። አንስቼው አላውቅም፣ ቅሪ ብዬም አልለመንኳት፤ ለራሷ ሳይሆን ለአደራው ብዬ ያልኳት እንዳይመስላት ፈራሁ። ባለፈው ሳምንት የወንድሟ ልጅ ደወለ። መንገዱ ተከፍቷል፣ እሑድ እመጣለሁ፣ ተዘጋጂ አላት። ጆሮዋ ስለሚያስቸግራት ድምፁን ከፍ አድርገንላት ነው የምታወራው፣ ሁሉንም እሰማለሁ። ማሽኔን አቆምኩ። በልቤ ጌታ ሆይ አልኩ እንጂ ሌላ የማደርገው አልነበረኝም። እናትህ ወደ ቁምሳጥኑ ዞር ብላ መኪናዋን አየች፤ ከዚያ በዚያ በማይቸኩለው አነጋገሯ መለሰችለት፦

«ያች መኪና እኮ እኛን አራግፋ ዕለቱን ተመልሳ ሂዳለች፣ የኔ ልጅ። እኛ ወርደናል።»

ልጁ የትኛዋ መኪና ብሎ ደጋግሞ ጠየቀ። መርቃው ስልኩን ለኔ ሰጠችኝ። እኔም አክስትህ ደህና ናት፣ ለገና እንግዳ ሆነህ ና፣ ዘመዶችህን ታያለህ አልኩት። ስልኩን ዘግቼ ስዞር ጓዟን እየፈታች ነበር። ያንተን ጋቢ ከውስጡ አውጥታ አልጋዬ ላይ ዘረጋችው። ብርዱ ስለበረታ አሁን አብረን ነው የምንተኛው፤ ታንኮራፋለች፣ አንተም ከማን እንደወሰድከው ገባኝ።

ትናንት ገበያ ይዣት ወጣሁ። ጎመን የምትሸጠው ሴት አይታት አታውቅምና ማን ናት ብላ በኦሮምኛ ጠየቀችኝ። «ሃዸ አሰፋ» አልኳት፣ የአሰፋ እናት። ሴትዮዋ ወዲያው ተነስታ በሁለት እጇ ጨበጠቻት፤ ያ ቀለም ቀቢው አሰፋ ብላ ነፍስህን ይማር አለች፣ ጎመኑንም አበዛችልን። እናትህ እስከ ቤት ድረስ ክንዴን አልለቀቀችም።

እንግዲህ ቃሌ ይህ ነው። በገበያም፣ በቤተ ክርስቲያንም፣ በቀበሌም፣ ይህች አሮጊት የማን ናት ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ያንተን ስም እጠራለሁ። የነቀምቴ ሰው ምን ያህል ጠያቂ እንደሆነ ታውቃለህ። ስምህ አንድ ቀንም ሳይጠራ አይመሽም።

ያንተው ጫልቱ