የአያ አማረ ፒክአፕ ዳገት እምቢ ያለችበት ኅዳር

ኅዳር 2፣ ሰኞ

ሁለት ባጃጅ፣ አንድ ሚኒባስ። ሚኒባሱን ፍሬን አለቀበት ብለው አመጡት፤ ዘይት ጎድሎ ነው። እጄን ታጥቤ ጋራዡን ልዘጋ ስል የጀማለዲን ፒክአፕ በደጄ አለፈች። ጀማለዲን የእህል ነጋዴ ነው፤ ድሮ የእኔ ደንበኛ፣ አሁን የፍሥሐ። ፍሥሐ ዘንድ ትልልቅ ጎማ አስገጥሞላታል። ደረቷን ነፍታ ስትሄድ የደብረ ማርቆስ ሰው ሁሉ ዞሮ ያያታል። እኔም ዞሬ አየሁ። ባላይ ምን ነበረበት?

ከፍሥሐ ጋር ሙያ የተማርነው ከአንድ አለቃ ሥር ነው። አንድ ቱታ በፈረቃ ለብሰናል። ዛሬ እሱ ከአስፋልቱ ዳር ኮምፒውተር ያለው ጋራዥ ከፍቷል። ስንገናኝ “እንዴት ዋልህ” እንባባላለን… ከዚያ አያልፍም።

ቀናሁ። ለራሴ ነው የምጽፈው፤ ማንን እደብቃለሁ?

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

አያ አማረ ከአምበር መጣ፣ ዘይት ሊቀይር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከእኔ በቀር ለማንም መኪናውን አስነክቶ አያውቅም። ያቺ አሮጌ፣ በኋላ እግሯ ብቻ የምትጎትት ፒክአፕ ናት ቤቱን የምታስተዳድረው። ለጀማለዲን ጤፍ ያመላልስባታል።

ምን እንደነካኝ… “አያ አማረ፣ ጎማዋን እናሳድገው። ጭቃውንም ድንጋዩንም ትንቅልሃለች” አልኩት።

“ምነው ታረቀኝ፣ ይኸኛው ምን አለው?”

“የጀማለዲንን አላየህም?”

ትንሽ አሰበና “አንተ ካልህ” አለ። አንተ ካልህ… ቀኑን ሙሉ በዚህ ቃል ደስ ሲለኝ ዋልኩ።

ኅዳር 4

ገጠምን። ታምራለች። በፍሥሐ በር በኩል አድርገህ ውጣ አልኩት። ለምን እንደሆነ አልገባውም።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

ስልክ። አያ አማረ ከጨሞጋ ዳገት። አሥር ኩንታል ጭኖ በአንደኛ ማርሽም እምቢ አለችው። ጭሷ ጥቁር፣ ፍሪሲዮኗ ይሸታል። ግማሹን አውርዶ በጋሪ አስጫነ። “ምን ሆና ነው?” ሲለኝ ሳላስብ “የናፍታ ማጣሪያ ነው” አልኩ። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

ትናንት ማጣሪያውን ቀየርኩ። ዛሬ የነዳጅ መርጫውን አጸዳሁ፣ ፍሪሲዮኑን አስተካከልኩ። ባዶዋን ትሮጣለች። ስትጫን ደግሞ ዳገቱን ገና ስታየው ትደክማለች። የፍጥነት መቁጠሪያዋም መዋሸት ጀምሯል፤ በስድሳ ነው የምሄደው ስትል አጠገባችን እኩል የሚሄደው አውቶቡስ በሰባ ነው… ምን ቸገረኝ፣ ትዋሻለች።

የፍሥሐ ሥራ እንዴት ሰመረ? ያው ጎማ፣ ያው ዓይነት መኪና። የኔዋ ለምን?

ኅዳር 11

አሰገደች ምሳ እያቀረበች፦ “ፍሥሐን ለምን አትጠይቀውም? የጀማለዲን መኪና እንደሆነች ዳገቱን እየጋለበች ነው የምትወጣው።”

የገዛ ሚስቴ። በገዛ ማዕዴ ላይ። ሳልበላ ወጣሁ።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ፣ ሚካኤል

ቄሱ ስለ ቅንዓት አስተማሩ፤ አጥንት ያነቅዛል አሉ። ማን ነግሯቸው ነው?

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በፍሥሐ ጋራዥ በኩል መጣሁ። የአያ አማረ ፒክአፕ በሩ ላይ ቆማለች። ሚስቱን ሰው ደጅ ቆማ ያየ ሰው እንደዚህ የሚሆን ይመስለኛል። ዘጠኝ ዓመት! እንዳላየ ሆኜ ተሻግሬ በማዶ ሄድኩ።

ኅዳር 13፣ ዓርብ

ራሱ መጣ። ባርኔጣውን በእጁ እያሻሸ።

“ተቀየምህ?”

“እኔ? ለምን ብዬ?”

“ፍሥሐ አያት። ጎማው ሲያድግ የኋላ እግሯን የሚያዞረው የዲፍረንሻሉ ጥርስም አብሮ መቀየር አለበት አለኝ። የጀማለዲንንም እንደዚያ ነው ያደረገው።”

ለካ! ጎማው ይታያል፣ ጥርሱ አይታይ። ያየሁትን ግማሽ ብቻ ገልብጬ የሰው እንጀራ ላይ ገጠምኩት። ይህን ማወቅ ነበረብኝ፤ አለቃችን አስተምሮናል፤ ጎማ ሲተልቅ ለሞተሩ ሸክም ይሆንበታል፣ ጥርስ ነው የሚያግዘው ብሎ። ቅናት ዓይኔን ይዞት እንጂ።

“የኔ መኪና ትንሿ መዘውር አሥር ጥርስ ነው ያላት አለ። ባለ ዘጠኝ ነው የምትፈለግ። ታረቀኝ ዘንድ ካለ ጠይቀው አለኝ። አለህ?”

“የለኝም።”

እንዲህ አልኩ። ዓይኑን እያየሁ።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

አለኝ። ከጓዳው፣ ከጆንያ ሥር። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት አምበር ላይ ከተገለበጠ መኪና ከፍሥሐ ጋር ሆነን የፈታነው ዲፍረንሻል ነው። ረስቶታል፤ ባይረሳው “ካለ” አይልም ነበር። ድርሻውን ሳይጠይቅ ነው የተወልኝ።

ጥርሱን ቆጠርኩ። ትልቁ አርባ አንድ፣ ትንሿ ዘጠኝ። ደግሜ ቆጠርኩ። ሦስተኛም። አሥር ብትሆን ምን አለበት እያልኩ ነው የምቆጥረው። ዘጠኝ ናት።

ብሰጠው ምን ይባላል? “ፍሥሐ ደረሰበት።” ታረቀኝ ደግሞ ዕቃ አቀባይ።

ኅዳር 15

ጾም ገባ። ከሥጋና ከቅቤ ጾምኩ። ከሌላው አልጾምኩም።

ኅዳር 16፣ ሰኞ

አያ አማረ አምስት አምስት ኩንታል እየጫነ ሁለቴ ይመላለሳል። ናፍታው ትርፉን በላበት። ጀማለዲን “እስከ ቅዳሜ ሙሉ መጫን ካልቻልህ በራሴ መኪና አስመጣለሁ” ብሎታል። በራሴ መኪና… በፍሥሐ ሥራ ማለት ነው።

የመኸሩ ጭነት ከሄደበት ዓመቱን በምን ይኖራል? እኔ ነኝ ጎማውን ያስለወጥኩት። እሱ ግን እስካሁን አንድ ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ምናለ በሰደበኝ?

ኅዳር 17

ደንበኛ መጣ፣ ምን እንዳለኝ አልሰማሁትም። አሰገደች “አሞሃል?” አለችኝ። አዎ ብላትስ ምን በሽታ ነው ልላት ነው?

ኅዳር 18፣ ረቡዕ

ጠዋት ጋሪ ጠርቼ ዲፍረንሻሉን ጫንኩና ፍሥሐ ጋራዥ ደረስኩ። ከገባሁ አራት ዓመቴ። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። መብራቱ ምን የመሰለ ነው! መኪና ማንሻ አለው፤ እኔ ዛሬም ጉድጓድ ውስጥ ነው የምሠራው። ዓይኔ ሁሉንም አንድ በአንድ ለቀመው፤ ምን ላድርግ፣ ዓይን ነው።

“አገኘሁት” አልኩ።

የት አገኘኸው አላለኝም። አቧራውን በእጁ ጠረገና ጥርሱን ቆጠረ። “እንግዲያው ቱታ ልበስ” አለኝ።

ቀኑን ሙሉ አብረን ሠራን። ጥርስ ከጥርስ በልኩ መግጠሙን ለማየት እሱ ቀለም ይቀባል፣ እኔ አዞራለሁ፣ የቀለሙ አሻራ መሐል ላይ እስኪያርፍ ድረስ እንፈታለን፣ እናስገባለን። አንዴ፣ አለቃችን ቁልፍ ሲወረውርብን እንዴት እንደምንሸሽ አነሳና ሳቅን። ስስቅ ራሴን ታዘብኩት።

ኅዳር 19

ፍሬኗንም አየነው። ትልቅ ጎማ ፍሬንም ያደክማል አለ። ልክ ነው። ልክ መሆኑ አናደደኝ።

ኅዳር 20፣ ዓርብ

ሙከራ። አሥር ኩንታል ጭነን አያ አማረና እኔ ወጣን። ፍሥሐ “እናንተ ሂዱ” ብሎ ቀረ። የጨሞጋን ዳገት በሦስተኛ ማርሽ! ጭስ የለ፣ ሽታ የለ። ፍጥነት መቁጠሪያዋም እውነቱን መናገር ጀምራለች። አያ አማረ መሪውን ይዞ ለብቻው ፈገግ ይላል።

“ፍሥሐን እግዜር ይስጠው” አለ።

እዚህ ላይ ወጋኝ። ዝም ብል ያልፍ ነበር። አልቻልኩም።

“አያ አማረ፣ የለኝም ያልኩህ ውሸቴን ነው። ያን ጊዜም ነበረኝ። ቅናት ይዞኝ ነው።”

ማርሽ ቀየረ። ከመንገዱ ዓይኑን ሳይነቅል “አውቃለሁ” አለ።

“ማን ነገረህ?”

“ፍሥሐ። የዚያኑ የሚካኤል ለት። አብረን ነው የፈታነው፣ እሱ ዘንድ አለ አለኝ። የለኝም እንዳልኸኝ ብነግረው፣ ‘ራሱ ያመጣዋል፣ አታሳፍረው። አንድ ሳምንት ጠብቀው፤ ካላመጣ እኔ ከአዲስ አበባ አስመጣልሃለሁ’ አለኝ። በአምስተኛው ቀን መጣህ።”

“ጭነቱ ቢያመልጥህ ኖሮስ?”

“ጭነት ይሄዳል፣ ይመጣል” አለ። ጀማለዲን መጋዘን ደርሰን ጭነቱን አወረድን።

እኔ ዕቃዬን ጆንያ ሥር ደብቄ ስጨነቅ፣ እነሱ ሁለቱ ቁጭ ብለው ሲጠብቁኝ ነበር። ሲመጣ አታሳፍረው እየተባባሉ።

በጋራዥ በለጠኝ፣ በደንበኛ በለጠኝ ስል ከረምኩ። ለካ የሚበልጠኝ በሌላ ኖሯል። ቀናሁበት። እንዲህ ያለ ቅናት ግን ቀንቼ አላውቅም።