ለአርባ አንደኛው የተገዛ ጃንጥላ

ሰኞ፣ ሰኔ 16

ሁለት። የጠሩት ሁለት ቡድኖች ብቻ ናቸው። ለእናቱ ስድስት ብሏቸዋል።

ናታን ይህን የነገረኝ ዛሬ በምሳ ሰዓት ነው። አውቶቡስ ለዋውጦ ከቶሮንቶ ዳር ኢቶቢኮ ድረስ መጣ፤ እኔ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍቴን አቁሜ ከመጋዘኑ ጀርባ ሳንድዊች እበላ ነበር። በስልክ መናገሩን አፍሮ ነው መሰለኝ። ከድራፍቱ በፊት፣ ማለትም የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ አዳዲስ ልጆች ከሚመርጥበት ምሽት በፊት፣ ቡድኖች ዓይናቸውን የጣሉበትን ልጅ ወደ ጂማቸው ጠርተው ያዩታል። የሚመረጥ ልጅ ከአውሮፕላን አውሮፕላን ሲዘል ነው የሚከርመው። ሁለት ቡድን ብቻ የጠራው ልጅ ግን የተጠራው ለሌላው ልጅ ኳስ እንዲያቀብል ነው። ይህን እኔ በደንብ አውቃለሁ።

እያወቅሁ ሊስቴ ላይ 44ኛ አድርጌዋለሁ።

በየዓመቱ ሰኔ ላይ የትኛው ልጅ በየትኛው የቅርጫት ኳስ ቡድን ስንተኛ ሆኖ እንደሚመረጥ በአማርኛ እጽፋለሁ፣ ቴሌግራም ላይ። ብዙ ጊዜ ይሳካልኛል። ሰው የሚወደው ግን መሳካቱን ሳይሆን ምላሴን ነው። «ቁመቱ ሰማይ፣ ወገቡ ሸምበቆ፤ በሁለተኛው ዓመት ይሰበራል።» «የሚመረጠው አባቱ ነው፤ ልጁ አብሮ ይሄዳል።» «እጁ ወርቅ፣ ጆሮው ድፍን።» ብዙዎቹ ሃያ ዓመት ባልሞላቸው ልጆች ላይ ነው እንዲህ የምጽፈው። በሳቅ ይሞቱልኛል።

ናታን ግን የእትዬ ጽጌ ልጅ ነው። እዚህ አገር ስመጣ ማንንም አላውቅም ነበር። እትዬ ጽጌ ክሬሰንት ታውን ቤታቸው ሳሎን ውስጥ ሰባት ወር ሶፋ ላይ አስተኝተውኛል፤ መቼ ትወጣለህ ብለውኝ አያውቁም። ናታን ያኔ ወገቤ ድረስ ነበር። አሁን እኔ ነኝ ደረቱ ድረስ። በሚያዝያ ከቅዳሴ ስንወጣ እጄን ይዘው «የኔን ልጅ አንተ ካልጻፍከው ማን ይጽፈዋል?» አሉኝ። በማግስቱ ጻፍኩት። ከዚያ ወዲህ አንባቢዬ እጥፍ ሆኗል፤ የእኛ ልጅ ሊመረጥ ነው እየተባለ። ይህን ደብተር ማንም አያነበውምና እውነቱን ልጻፍ፦ ደስ ብሎኛል።

ዛሬ የመጣበት ሌላ ጉዳይ አለው። ፖላንድ ያለ አንድ ክለብ የሁለት ዓመት ኮንትራት ልኮለታል። እስከ ረቡዕ እኩለ ቀን ካልፈረመ ለሌላ ልጅ ይሰጡታል። ከፈረመ ደግሞ የታሰረ ነው ብለው እዚህ ያሉት ይተዉኛል ብሎ ይፈራል።

«ሳይን ላድርግ ወይስ ልጠብቅ? ዩ ኖው ዚስ ስተፍ፣ ሶሊ። ጀስት ቴል ሚ።»

«ረቡዕ ጠዋት የመጨረሻውን ሊስት አወጣለሁ። እሱን አይተህ ትወስናለህ» አልኩት።

«ፈርም» ለማለት ስንት ሰዓት ይፈጃል? ዕረፍቴ ሠላሳ ደቂቃ ነበር።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 17

ዛሬ ማድረግ ያለብኝ፦
— ናታንን ከሊስቱ ማውጣት
— ከቴሌግራም ከመስማታቸው በፊት ለእትዬ ጽጌ መንገር
— ልጁን «ፈርም» ማለት
— የመኪናውን ዘይት ማስቀየር

ዘይቱን አስቀየርኩ።

ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ክሬሰንት ታውን ሄድኩ፤ ቆርጬ ነው የሄድኩት። አሳንሰሩ ውስጥ የምናገረውን ስለማመድ አንዲት ፊሊፒናዊት ሴትዮ ስልክ የማወራ መስሏት ዘወር አለችልኝ። ሳሎን ስገባ፣ ያኔ የተኛሁበት ሶፋ ላይ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ተጋድሟል።

የቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ ነው። ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ። ከአዲስ አበባ በሰው ሻንጣ አስመጥተውታል፤ እጀታው ለብቻው በሌላ ሰው መጣ። ልጄ ከተመረጠልኝ ለማርያም ጃንጥላ አስገባለሁ ብለው ተስለው ኖሯል።

«ስለት እኮ የሚገባው ከሰመረ በኋላ ነው፣ እትዬ። አልቸኮሉም?»

«ምን መቸኮል አለበት? ሐሙስ ይመረጣል፣ የሰኔ ማርያም እዚህ እሁድ ትከበራለች። በሁለት ቀን ከየት አመጣዋለሁ? ደግሞ አንተ ጽፈኸዋል።»

ሐሳባቸው ስህተት የለውም። ስህተቱ የተመሠረተበት ነው፤ እሱም እኔ ነኝ።

ከላስቲኩ አውጥተው ሳሎኑ መሃል ዘረጉት። ዘርፉ ጣሪያው ላይ ያለውን መብራት ነካው። ከሥሩ ቆመው ቀና ብለው ሲያዩት ፊታቸው በከፋዩ ቀላ። በዚያች ሰዓት ምን እላለሁ? ይሉኝታ ያዘኝ። እንዲያውም ይሉኝታ የሚለው ቃል ያሳምርልኛል፤ እውነቱ፣ ፈርቼ ነው።

«አርባ አራት ግን ብዙ ነው አሉኝ» አሉ ጃንጥላውን እያጠፉ። «ትንሽ ከፍ አታደርግልኝም?»

ሳቅሁ። ናታን የኩሽናው በር ላይ ቆሞ ያየኝ ነበር። እሱ አልሳቀም።

ረቡዕ፣ ሰኔ 18

41ኛ።

ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት መኪና ውስጥ ሆኜ ለቀቅኩት። ሃምሳ ዘጠኝ ስም። እያንዳንዱን ልጅ እንደ ገበያ በሬ ጥርሱን ገልጬ አየሁት። ናታን ጋ ስደርስ እንዲህ ይላል፦ «የእኛ ልጅ። ረጅም እጅ፣ ትልቅ ልብ። ቶሮንቶ ትኮራበታለች።» ይህን የጻፈ ሰው ስለ ኳስ ምንም አያውቅም።

ልክ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሃያ ላይ ናታን ጻፈልኝ። «ፖላንድን ኖ አልኳቸው። ታንክ ዩ ብሮ።»

ፎርክሊፍቱ ላይ ነበርኩ። ገና ሃያ ደቂቃ ነው ያለፈው። ደውዬ «ተሳስቻለሁ፣ አሁኑኑ ጻፍላቸው፣ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ በላቸው» ብዬው ቢሆን ምናልባት ይሳካ ነበር። ስልኩን ኪሴ ከተትኩና አሥራ አንድ ፓሌት ዕቃ ጫንኩ።

ምሽት ላይ የድራፍቱ የመጀመሪያ ዙር፣ እስከ ሠላሳኛው ስም፣ ተላለፈ፤ የቀረው ለነገ ነው። ከባዶቹን አግኝቻቸዋለሁ። ሦስተኛውን፣ ሰባተኛውን፣ ማንም ያልጠበቀውን አሥራ ሁለተኛውን። አንባቢው «ሶሊ ነቢይ ነው» እያለ ነው። አንዱ «ስለዚህ 41ም አይቀርም» ብሎ ጽፏል፤ ከሥሩ ብዙ ልብ ተደርድሯል።

ለጥቂት ደቂቃ እኔም አመንኩ።

አርብ፣ ሰኔ 20

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም።

ብሉር መንገድ ላይ ያለው ያበሻ ምግብ ቤት ሰዎች ጠረጴዛዎቹን ገጥመው ጠበቁን። የሰኔ ጾም ስለሆነ ሽሮ፣ ምስር፣ ፎሶሊያ፤ ለልጆቹ ፒዛ ታዘዘ። ናታን ግራጫ ሱፍ ለብሷል። ስልኩን ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ከሳህኑ አጠገብ አስቀምጦታል። እኔን እትዬ ጽጌ በቀኛቸው አስቀመጡኝ፤ ለሽምግልና የመጣሁ መሰልኩ።

ስም በተጠራ ቁጥር ሰው ሁሉ መጀመሪያ ቴሌቪዥኑን ያያል፣ ቀጥሎ እኔን።

41 ደረሰ። የተሰበሰቡት እናቶች ቆሙ። አንዷ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ለእልልታ ተዘጋጅታ ነበር። የፈረንሳይ ልጅ ተጠራ።

«አንዳንዴ ትንሽ ይንሸራተታል» አልኩ። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ተቀመጡ። ሌላ ስም ተጠራ፣ ሌላም ተከተለ። 44 ላይ እንደገና ቆሙ፣ ያኛውንም ሊስቴን ስለሚያስታውሱ። ከ50 በኋላ የሚቆም ሰው ጠፋ። ልጆቹ ወንበር ላይ ተኝተዋል። ናታን ስልኩን ሦስት ጊዜ ነካ፤ የሚሠራ መሆኑን ለማረጋገጥ።

የመጨረሻው ስም ከተጠራ በኋላ የመኪና ማስታወቂያ መጣ።

«አለቀ?» አሉኝ እትዬ ጽጌ።

«አለቀ።»

«ስሙን ሳይጠሩት?»

«አዎ።»

እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ። «አይዞህ። አንተ የምትችለውን ጽፈህለታል። እነሱ ናቸው የማያውቁ» አሉኝ።

እኔን አጽናኑኝ። እኔም መጽናናቱን ተቀበልኩ፣ አንገቴን ደፍቼ። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ ይህ የከፋው ይመስለኛል።

ዛሬ ጠዋት ናታን ለፖላንዱ ክለብ ጽፎላቸዋል። ረቡዕ ማታ ሌላ ልጅ አስፈርመዋል። በትህትና ነው የመለሱለት፤ መልካም ዕድል ብለውታል። እትዬ ጽጌ ደግሞ የተረፈውን ምስር በሳህን ልከውልኛል።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 21

ናታን ደወለ። ሰላም አላለኝም።

«ሊስቱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ሁሉንም።»

«እሺ።»

«ዩ ትራሽ ኤቭሪባዲ፣ ሶሊ። አንደኛ የወጣውን ልጅ እንኳ ሰደብከው። ስለ እኔ ግን አንድ መጥፎ ነገር የለም። ኖት ዋን ዎርድ። ዋይ?»

የፍሪጁን በር ከፍቼ ምስሩን አየሁት።

«የእውነት ያየኸውን ልጅ ትሰድበዋለህ። እኔን አላየኸኝም። ወይም አይተህ ዝም አልክ።»

በሩን መልሼ ዘጋሁት።

«ዩ ኒው» አለና ዘጋው።

ምስሩን አልበላሁትም። ልደፋውም አልቻልኩም። ፍሪጅ ውስጥ አለ።

እሁድ፣ ሰኔ 22

ጃንጥላው ይገባል ብለዋል እትዬ ጽጌ። «ለእሷ ብዬ የገዛሁትን ቤቴ አላስቀምጥም።» ረጅም ስለሆነ በእኔ መኪና ይሂድ አሉ። እምቢ ማለት አልቻልኩም። ከኋላ መቀመጫ እስከ ፊት መስታወቱ ተጋድሞ ሄደ፤ ናታን ከጎኑ ተጣጥፎ ተቀመጠ።

ከቅዳሴ በኋላ ስለት የሚያነቡት አባት ወረቀታቸውን ዘረጉ። አንዷ መጋረጃ፣ አንዱ ሻማ፣ አንዷ ምንጣፍ። ወረቀቱ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ ስለት የሚያስገባ ሰው የሰመረለት ነው ተብሎ ነው የሚጻፈው። «እህታችን ጽጌ፣ እመቤታችን የለመኗትን ሰጥታቸው፣ ስለታቸው ሰምሮ ይህን ጃንጥላ አስገብተዋል።» አንዱ ዲያቆን ዘረጋው። ቤቱ በእልልታ ተናጋ።

ሐሙስ ምግብ ቤቱ ያልነበሩት ሁሉ እየመጡ ሳሟቸው። «እንኳን ደስ አለዎት! ልጁ አለፈ ማለት ነው?» ለሁሉም «አሜን» እያሉ መለሱ። ለአንዷም «አልተመረጠም» አላሏትም። ናታን ግድግዳው አጠገብ ቆሟል፤ በዚያ ቁመት የት ይደበቃል? ከሰው ሁሉ በላይ ጭንቅላቱ ይታያል።

ስንመለስ እትዬ ጽጌ ከፊት ተቀምጠው ነጠላቸውን አስተካከሉ። ዳንፎርዝ መንገድ ላይ መብራት ይዞን ቆምን።

«ለከርሞስ ስንተኛ ታደርገዋለህ?» አሉኝ።

እግዚአብሔር ያውቃል፣ «እናያለን» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። በመስታወቱ የናታንን ዓይን አየሁ።

«ቴል ኸር» አለኝ።

«ከርሞ የለም፣ እትዬ» አልኩ። «በእሱ ዕድሜ ይህ የመጨረሻው ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ነው።»

መብራቱ ለቀቀን፣ ነዳሁ።

«ዘንድሮም እንደማይመረጥ አውቅ ነበር።»

«መቼ አወቅህ?»

«ከመጀመሪያው። ስጽፈውም አውቃለሁ። የፖላንዱ ኮንትራትም ያመለጠው በእኔ ነው።»

ሕንጻቸው በር ላይ ሳቆም ወደ እኔ ዞሩ። አላለቀሱም።

«ሰባት ወር ቤቴ ስትቀመጥ ክፉ ቃል ተናግሬህ አውቃለሁ?»

«አያውቁም።»

«ታዲያ እኔን በምኔ ፈርተኸኝ ነው?»

ወረዱና በሩን ቀስ ብለው ዘጉት፤ ቢወረውሩት ይሻለኝ ነበር። እየሄዱ አንዴም ዞረው አላዩኝም።

ናታን ከኋላ ቀርቷል።

«አሁን የኔን ጻፍ» አለ። «እንደ ሌሎቹ። ኖ ላቭ።»

ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ጻፍኩ፦

«ናታን። ሃያ ሁለት ዓመት። ከሊስት ውጭ። ያለ ጫማ ሲለካ ከተባለው ሁለት ጣት ያጥራል። ግራ እጁ ለጌጥ የተሰቀለ ነው፤ ተከላካዮች በሁለተኛው ደቂቃ ያውቁበታል። ኳሱን የሚለቀው ከደረቱ ነው፣ ረጅም መሆኑን ረስቶ። ከሁሉ የከፋው ግን በሳተ ቁጥር እናቱ የተቀመጡበትን ቀና ብሎ ያያል። ኳሱ ያኔ ሌላ ሰው እጅ ገብቷል።»

ለእሱ ብቻ ላክሁት። ወዲያው አነበበው። ከዚያ ምንም የለም። እጄን ታጠብኩ፣ ምስሩን አሞቅሁ፣ ቆሜ በላሁ። ስልኩን ደጋግሜ አየሁት።

ከአንድ ሰዓት በኋላ አንድ ቃል መጣች። «ቀጥል።»

ስለ እግሩ ገና አልጻፍኩለትም ነበር።